የእባብ ቀለብ አይጥ ቤት ውስጥ ስታረቡ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ወንድና ሴት አይጦች ተገዝተዋል። ሳጥኑም ተዘጋጅቷል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ወይ ቤቱ ይሸታል፣ ወይ አይጦቹ ያስነጥሳሉ፣ ወይ እናትየዋ ልጆቿን በልታ ታድራለች። አሜሪካ ውስጥ እባብ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ አይጦቹን ያስወግዱና ሌላ ይገዛሉ። አዲሶቹም እዚያው ሳጥን ውስጥ ገብተው ያንኑ ይደግማሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አይጧን ከመክሰሳችሁ በፊት ሳጥኑን መርምሩ። አየሩን፣ ውሃውን፣ ሙቀቱን።

ከዚያም በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣው፣ በየቤቱ በብዛት የሚገኘው ቦል ፓይተን የተባለ ትንሽ ዘንዶ፣ ካደገ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አንድ አይጥ ቢበላ ይበቃዋል። አንዲት ትልቅ አይጥ ግን በአንድ ወሊድ ከ8 እስከ 12 ልጅ ትጥላለች። ያላችሁ እባብ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፣ ሞቶ በረዶ የሆነ አይጥ ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ እናታችሁም ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ማብራሪያ አትሰጡም። እባባችሁ ብዙ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

እዚህ ጽሑፍ ላይ «ትልቋ» ስል አዋቂዋ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የምትመዝነውን ዝርያ፣ «ትንሿ» ስል ከ20 እስከ 40 ግራም የምትመዝነውን ማለቴ ነው። ጠባያቸው ይለያያል፤ የአንዷ መፍትሄ ለሌላዋ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሽታ፣ ማስነጠስ፣ ዓይን ላይ ቀይ ነገር

ክዳኑን ስትከፍቱ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አይጧ ታስነጥሳለች፤ ጆሮ ብታስጠጉ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ዓይኗና አፍንጫዋ ዙሪያ ደም የሚመስል ቀይ ነገር ደርቋል።

ቀዩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ደም አይደለም። ፖርፊሪን ይባላል፤ ከዓይን ጀርባ ካለ እጢ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። አይጧ ስትታመም ወይም ስትጨነቅ ይበዛል፣ ራሷን ማጽዳትም ስለምትተው እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ የሚነግራችሁ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ብቻ ነው።

ልክ ያልሆነው ነገር ብዙውን ጊዜ አሞኒያ ነው። ሽንት ጉዝጓዙ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይሰባብረውና አሞኒያ ይወጣል። ጋዙ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ይጎዳል። ከዚያ ማይኮፕላዝማ ፑልሞኒስ የሚባለው ባክቴሪያ ይነሳል። ይህ ባክቴሪያ በብዙ የቤት አይጦች ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፤ አየሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። አሞኒያ ሲገኝ ግን ወደ ሳንባ ይወርዳል። አንቲባዮቲክ ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያውን ጨርሶ አያጠፋውም። ለዚህ ነው መድኃኒት እየሰጡ ሳጥኑን እንደነበረ መተው ገንዘብ ማባከን የሚሆነው።

መፍትሄው ከክዳኑ ይጀምራል። ጎኑ ላይ ጥቂት ቀዳዳ የተበሳለት የፕላስቲክ ሳጥን አይበቃም። የክዳኑን አብዛኛውን ክፍል ቆርጣችሁ የሽቦ ወንፊት ግጠሙበት። ቀጥሎ ቁጥር ቀንሱ፤ ሳጥን ውስጥ የሚሸተው የአይጥ ብዛት ነው። ጉዝጓዙን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከተጨናነቁ ሁለቴ ለውጡ። ሰጋቱራው ከአስፐን ዛፍ ወይም በምድጃ ከደረቀ የፓይን እንጨት ቢሆን ጥሩ ነው። ሴዳር የተባለው እንጨት ግን አይግባ፤ ያ ደስ የሚለው ሽታው ራሱ ለሳንባና ለጉበት ጎጂ ነው። ለትንሿ አይጥ ደግሞ ስታጸዱ ከአሮጌው ጎጆ አንድ እፍኝ ንጹሕ ንጹሑን መልሱላት። ሽታዋ ጨርሶ ከጠፋ ወንዱ ቤቱን እንደ አዲስ ምልክት ሊያደርግ ይነሳል፣ ሽታው ይብሳል።

አየሩ ተስተካክሎም የምታስነጥስ ካለች ከእርባታው አውጧት። መድኃኒት የወሰደች አይጥ ደግሞ ለእባብ አትሰጥም።

አያረግዙም

መጀመሪያ ጾታውን አረጋግጡ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከሱቅ «ወንድና ሴት» ተብለው የሚሸጡ ሁለት እህትማማቾች ሞልተዋል። ጅራቷን አንሱና በሽንት መውጫና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ርቀት እዩ። የወንዱ ከሴቷ በግልጽ ይሰፋል፤ አድጎ ከሆነማ የዘር ፍሬው ራሱ ይናገራል።

ቀጥሎ ቴርሞሜትር። ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። ሙቀቱ ለቀናት 30 ካለፈ የወንዱ ዘር ይዳከማል፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘም በኋላ እስኪያገግም ሳምንታት ይወስዳል። በሐምሌ ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ወንድ መስከረም ላይ የማያስረግዘው ለዚህ ነው። ብርሃንም ይቆጠራል፤ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አግኝተው ቀሪውን በጨለማ ያሳልፉ።

ዕድሜና ውፍረት ሌላው ምክንያት ነው። ትልቋን ከአራት ወር ገደማ፣ ትንሿን ከሁለት ወር ገደማ ጀምሩ። የሱፍ ፍሬ እየተመገበች የወፈረች አይጥ ደግሞ ለማርገዝ ትዘገያለች ወይም ጭራሽ አታረግዝም።

ትንሿ ላይ ብቻ የሚታይ አንድ ጉዳይ አለ። ሂልዳ ብሩስ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳየችው ነው፦ በቅርብ ያረገዘች ትንሽ አይጥ የማታውቀው ወንድ ሽታ ሲደርሳት ጽንሱ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ «ይሄኛው ሰነፍ ነው» እያላችሁ በየሳምንቱ ወንድ ብትቀያይሩ፣ ጽንሱን የምታበላሹት እናንተው ናችሁ። አንድ ወንድ ከሁለት እስከ አራት ሴቶች ጋር አስገቡና ተዉአቸው። ሴቷ በየ4 ወይም 5 ቀኑ ለወንድ ዝግጁ ትሆናለች። ትንሿ ከ19 እስከ 21፣ ትልቋ ከ21 እስከ 23 ቀን ታረግዛለች። ስድስት ሳምንት አልፎ ምንም ከሌለ፣ ያን ጊዜ ወንዱን ጠርጥሩት።

እናትየዋ ልጆቿን በላች

ሰው በጣም የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ «እብድ ናት» ይባላል። እብድ አይደለችም።

በቅድሚያ ውሃውን እዩ። የምታጠባ አይጥ የምትጠጣው ከወትሮው በእጅጉ ይበልጣል። የጠርሙሱ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ብይ ተጣብቆ አንድ ሌሊት ውሃ ካጣች ወተቷ ይደርቃል፣ ልጆቹም ያልቃሉ። ጠርሙሱ ሙሉ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም። እንዲያውም ሳይጎድል የሰነበተ ጠርሙስ ነው የሚያሳስበው። በየቀኑ ብዩን በጣት ነክታችሁ ጠብታ መውጣቱን አረጋግጡ። ለወለደች እናት ሁለት ጠርሙስ ስቀሉ።

ውሃው ደህና ከሆነ ምግቡ ላይ እንምጣ። ቆሎና የተረፈ ዳቦ እርጉዝ አይጥ አያቆምም። ለላብራቶሪ አይጦች የሚዘጋጀው ድፍን መኖ ይሻላል፤ ለምታረባ ሴት ፕሮቲኑ 18 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። ድብልቅ እህል ስትሰጧት የምትወደውን ለቅማ ቀሪውን ትተዋለች፤ በድፍኑ መኖ መምረጥ አትችልም።

ከዚያ የእናንተ እጅ ይመጣል። ልጆቹን ለማየት በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየሰዓቱ ክዳን መክፈት፣ ጎጆ መበተን፣ ሳጥኑን ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ማድረግ፣ ድመት ክዳኑ ላይ ማስተኛት፣ ሁሉም ያስጨንቃታል። መኖና ውሃ ስጡና ዞር በሉ። የተቀደደ ወረቀት በብዛት ስጧት፣ ጎጆዋን ትሸፍንበታለች።

አንዳንዴ ደግሞ የበላችው የሞተውን ነው። ሞቶ የተወለደን ልጅ መብላት ለእሷ ጽዳት ነው፤ ሽታው ሌላ አውሬ እንዳይጠራ። ከአሥሩ ሁለት ከጎደለ ዝም በሉ። የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነም ዕድል ስጧት። ደጋግማ ሁሉንም የምትጨርስ ግን ለእርባታ አትሆንም። ትንሿን ስታረቡ ልጆች ባሉበት ሳጥን አዲስ ወንድ አታስገቡ፤ የራሱ ያልሆኑትን ይገድላል።

ልጆቹ አሉ፣ ግን አያድጉም

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የጠጡት ወተት በግራ በኩል ሆዳቸው ላይ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። ነጩ ከሌለ አልጠቡም። ተበታትነው ከተኙና ከቀዘቀዙ እናትየዋ ትታቸዋለች ወይም ታማለች። በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ እናት ካለች አዛውሯቸው። በአዲሷ ጎጆ ሰጋቱራ በቀስታ አሻሿቸውና ከልጆቿ መሀል ጣሏቸው። ትልቋ የሌላውን ልጅ ያለ ብዙ ጣጣ ትቀበላለች።

በየወሊዱ ቁጥሩ እያነሰና እናትየዋ እየከሳች ከሄደች ጥፋቱ የዕረፍት ማጣት ነው። ሴቷ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ወንዱን ከመውለዷ በፊት አውጡት፣ ልጆቹ ጡት ከጣሉ በኋላ ጥቂት ሳምንት አሳርፏትና መልሱት። ትልቋ ዓመት ሲሞላት ጡረታ ትውጣ።

በክረምት ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የትልቋ ሕፃናት ጅራት ላይ ቀለበት የመሰለ መሸብሸብ ይታያል፤ ሲብስ ጅራቱ ተቆርጦ ይወድቃል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ የሚመጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ አብሩ፣ ከ45 እስከ 60 በመቶ አድርሱት፣ የጎጆ ወረቀትም ጨምሩ።

በአንድ ቀን ብዙ ሞቱ

ሙቀት ነው ወይም ውሃ ነው። አይጥ እንደ ሰው አታልብም፤ ሙቀት የምታስወጣው በአብዛኛው በጅራቷ ነው። ኤሲ በጠፋበት የበጋ ቀን የታፈነ ሳጥን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳቸዋል። ተዘርግተው ከተኙና አፋቸው በምራቅ ከራሰ ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ውሰዷቸው፤ ጅራትና እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ አርጥቡ፣ በረዶ ውስጥ ግን አትንከሯቸው። ጠርሙስ አፍስሶ ጉዝጓዙን ያራሰበት ሌሊትም ሕፃናቱን በብርድ ይገድላል።

ይጣላሉ፣ ያካሉ

የትንሿ አዋቂ ወንዶች አብረው አይኖሩም፤ ጀርባና ጅራት ላይ ንክሻ ካያችሁ ለዩአቸው፣ ሌላ መፍትሄ አትፈልጉ። የትልቋ ወንድሞች አብረው ካደጉ በሰላም ይኖራሉ። ወንድና ሴት ልጆችን ግን ትንሿን በአራት፣ ትልቋን በአምስት ሳምንት ለዩ። አለዚያ እህት ከወንድሟ አርግዛ ታገኛላችሁ።

ቁስልና የረገፈ ፀጉር ትከሻ ላይ ከታየ ቅንቅን ጠርጥሩ። በእባብ ላይ የምታዩት ጥቁር ቅንቅን ሌላ ዝርያ ነው፤ ከአይጥ አልመጣም። የአይጥ ቅንቅን ግን ሰውንም የሚነክስ ዓይነት አለው። ሰጋቱራውን ከመጠቀማችሁ በፊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ለመድኃኒቱ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ሰው ሲታመም

ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ትንሿ አይጥ ኤልሲኤምቪ የተባለ ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ጽንስን ክፉኛ ይጎዳል። ቤቱ ውስጥ እርጉዝ ሴት ካለች ሳጥኑን እሷ አታጽዳ፣ ሳጥኑ ጭራሹን ቤቱ ውስጥ ባይኖር ደግሞ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሚረቡ ትልልቅ አይጦች የተነሳ ሴኡል ቫይረስ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሰው ይዟል። የዱር አይጥ ወደ እርባታው እንዳይደርስ ቀዳዳ ድፈኑ፣ አዲስ የገዛችኋቸውን ለሁለትና ሦስት ሳምንት በሌላ ክፍል ለይታችሁ አቆዩ። ሳልሞኔላ በበረዶ አይሞትም። ስለዚህ የእባቡ ቀለብ እንጀራና ወጥ ካለበት ፍሪዘር አይግባ፤ ትንሽ የራሱ ፍሪዘር ግዙለት።

በዛ፤ እባቡም አይበላም

ትርፉን መግደል ግድ ይሆናል፤ ይህን መጋፈጥ የማይችል እርባታውን ባይጀምር ይሻላል። በሕይወት እያሉ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው በቅድመ ሁኔታ ከተቀበላቸው መንገዶች አንዱ ከሲሊንደር ቀስ እያለ በመቆጣጠሪያ የሚለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከደረቅ በረዶም ሆነ ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ የሚገኘው ጋዝ አይፈቀድም። አዲስ የተወለዱት ጋዙን በጣም ስለሚቋቋሙ ከአዋቂው እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ሐኪም ያሳያችሁ።

ሕያው አይጥ ለእባብ አትጣሉ። እባቡ ሳይነካው አንድ ሌሊት ያደረ አይጥ የእባቡን ቆዳ አኝኮ ሊያድር ይችላል። በረዶ የሆነውን ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አቅልጡት፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ 38 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በረጅም መቆንጠጫ አቅርቡለት። ማይክሮዌቭ ሆዱን ያፈነዳዋል። ቦል ፓይተን ሙቀትን በከንፈሩ ጉድጓዶች ስለሚያይ ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ድንጋይ ነው። መጠኑም ከእባቡ ወገብ ውፍረት ብዙ አይብለጥ።

ሞቆም እንቢ ካለ ቆዳ ሊቀይር ይሆናል፤ ዓይኑ ደፍረስ ካለ ሳምንት ጠብቁት። አንዳንዱ ደግሞ በትንሿ አድጎ ትልቋን አላውቅም ይላል። ያኔ የቀለጠውን ትልቁን አይጥ ከትንሿ ሳጥን በወሰዳችሁት ሰጋቱራ አሽታችሁ ስጡት።