የዜና ስቱዲዮ በቢሮ ሕንፃ ውስጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ መሀል ከተማ ለዜና ስቱዲዮ የሚከራየው ቦታ፣ ቦሌም ይሁን ካዛንቺስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቢሮ የተሠራ ፎቅ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በብዛት የሚመጡት ከቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ስክሪንና ዴስክ ይገዛል፣ ክፍሉ የሚለካው በኋላ ነው።

1. ከፍታና ጥልቀት ሳይለኩ ውል መፈረም

የቢሮ ፎቅ ከወለል እስከ ሶሌታ 3 ሜትር አካባቢ ነው፤ የጂፕሰም ኮርኒስ ሲገባበት ደግሞ 2.70 ይቀራል። መብራት ከነመስቀያው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። መብራቱ ዝቅ ካለ በሰፊ ቀረጻ ውስጥ ይገባል፣ በዜና አንባቢው መነጽር ላይም ያንጸባርቃል። 4 ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ኮርኒሱን አንስቶ 48 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ በቀጥታ ሶሌታው ላይ ማሰር ነው። ጥልቀቱን እንዲህ ይደምሩ፦ ከጀርባ ግድግዳ እስከ አንባቢው 2.5 ሜትር፣ ለዴስኩ 1፣ እስከ ካሜራው 4፣ ለካሜራ ባለሙያው 1.5፤ በጠቅላላው 9 ሜትር። መሀል ላይ ኮለን ከቆመ ይህ ሒሳብ አይሠራም።

2. የመንገድ ድምፅን በስፖንጅ ለመከልከል መሞከር

ይህ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚባክንበት ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የሚኒባስ ጥሩንባ አያስቆምም። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የሚቆመው በክብደትና ክፍተትን በመድፈን ነው፦ ጥቅጥቅ ባለ ብሎኬት በተሠራ ሁለተኛ ግድግዳ፣ ዙሪያውን ጎማ በለበሰና ከታች ክፍተት በሌለው ከባድ በር። ለመስኮት ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት መስታወቶች፣ ለምሳሌ ባለ 6 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ መሀላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ ይገጠማሉ። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ስለሚደክሙ ያ ድምፅ ያልፋል።

ከመከራየት በፊት ማይክ ይዞ መሄድና ክፍሉን ማዳመጥ ያስፈልጋል፦ ማለዳ፣ ዓርብ ቀትር፣ እሁድ ጠዋት፣ ምሽት 2 ሰዓት። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ዜናውን ይውጠዋል፤ በቅናሽ ኪራይ አይታለሉ። ለማስተጋባቱ ደግሞ ጨርቅ የለበሰ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ፓነል ከስፖንጅ በብዙ ይሻላል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ከካሜራ ውጭ ባለው ቦታ ምንጣፍ ይነጠፍ።

3. ከተማውን በመስኮት ማሳየት

የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ በ1994 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሮክፌለር ፕላዛ ላይ መንገድ ዳር የመስታወት ስቱዲዮ ከከፈተ ወዲህ ሐሳቡ ብዙዎችን ይማርካል። ያ ግን የጠዋት ፕሮግራም ነው። የእኛ ዋናው ዜና ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል፣ መስታወቱም ካሜራውንና መብራቱን መልሶ የሚያሳይ ጥቁር መስታወት ሆኗል። ቀን ላይ በተቃራኒው የውጭው ብርሃን ከስቱዲዮው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ አንባቢው ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። መስኮቱ የግድ ከሆነ ግራጫ ፊልም ይለጠፍበት፣ የስቱዲዮው መብራት ቀለሙ ከቀን ብርሃን ጋር እንዲመሳሰል 5600 ኬልቪን ላይ ይሁን፣ መስታወቱም በጥቂት ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይገጠም።

4. ስክሪንና መብራት በዓይን ብቻ አይቶ መግዛት

ለዓይን የሚያምረው ኤልኢዲ ስክሪን በካሜራ ሲታይ እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ መስመር ያወጣል። ምክንያቱ የስክሪኑ ነጠብጣቦች ከካሜራው ሴንሰር ነጠብጣቦች ጋር መጋጨታቸው ነው። ለዜና ጀርባ ከፒ2 በታች (በነጠብጣቦቹ መሀል ያለው ርቀት ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ)፣ የማደሻ ፍጥነቱ 3840 ኸርዝ የሆነ ይፈለግ፤ ሻጩ ጋ የራስዎን ካሜራ ይዘው ሄደው ይሞክሩት። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በ1/50 ሰከንድ ይስተካከል። በ1/60 ከተተወ ርካሽ መብራቶች ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ያመላልሳሉ።

መብራት ሲስተካከል ደግሞ አንባቢዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ትቀመጥ። ለፊቷ የሚበቃው ብርሃን ጥለቱን አቃጥሎ ነጭ ወረቀት ያስመስለዋል፤ የመብራቱን የታችኛውን ክንፍ አጥፎ ደረት ላይ የሚወርደውን ብርሃን መቀነስ ነው። ይህ በበዓል ዋዜማ የሚታወስ ሥራ መሆን የለበትም።

5. ዴስኩን በአንድ ወጥ ማሠራት

የሊፍት በር ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ዴስኩ በብሎን የሚገጣጠም ይሁን፤ ቀለሙ የማያብረቀርቅ፣ ላዩ መስታወት ያልሆነ፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር። ወንበሩ ጎማና መዞሪያ የሌለው ይሁን።

6. ፕሮምፕተሩን በአማርኛ አለመፈተን

ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ዜና ፕሮምፕተሩ (ጽሑፉን ከካሜራው ፊት ለአንባቢው የሚያሳየው ስክሪን) ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ፊደሉ በጣም ሲተልቅ በመስመር ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል፣ የአንባቢውም ዓይን ሲሮጥ ይታወቅበታል። በ4 ሜትር ርቀት በመስመር ሦስት ወይም አራት ቃል የሚይዝ መጠን ተሞክሮ ይያዝ።

7. መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ ብሎ መተማመን

ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ቀጥታ ሥርጭት ላይ ያ ረጅም ነው። ካሜራ፣ ሚክሰር፣ ድምፅ፣ ፕሮምፕተርና ቢያንስ ሁለት የፊት መብራቶች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባትሪ) ላይ ይሁኑ፤ የሁሉም ዋት ተደምሮ 30 በመቶ ይጨመርበት። ስክሪኑ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ከዩፒኤሱ ውጭ ከቀረ፣ የጎን ካሜራው ጀርባ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይሁን፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ዳይሬክተሩ ወደዚያ ይቀይራል።