ባለቤትዎ የፕሮስቴት ካንሰር ሲይዘው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የናሙናው ውጤት የተነገረን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ትንፍሽ አላለም። እኔ ግን አፌ አላረፈም፤ “አይዞህ፣ ምንም አይደለም፣ ትድናለህ” እያልኩ መንገዱን ጨረስኩት። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ። ሁሉም ከፍቅር የመጡ ስለሆኑ ስህተት መሆናቸው ቶሎ አልታየኝም።

“ይህ እኮ ቀላሉ ካንሰር ነው” ማለት

ከወንድ ፊኛ ሥር ካለችው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚነሣው ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን “ካንሰር” የሚለውን ቃል በገዛ ስሙ ላይ ተጽፎ ላየ ሰው ይህ ማጽናኛ “መፍራትህ ልክ አይደለም” እንደማለት ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። “ከሁሉ በላይ ያስጨነቀህ ምንድን ነው?” ብለው ጠይቀው ዝም ይበሉ። መልሱ ሞት ላይሆን ይችላል። የባለቤቴ ጭንቀት ሽንቴ በሰው ፊት ያመልጠኝ ይሆን የሚል ነበር።

በሐኪም ፊት ስለ እሱ መመለስ

ሐኪሙ “ሽንትዎ እንዴት ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?” ብሎ ጠየቀው። “ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ ግን ደህና ነው” ብዬ መለስኩ፤ እኔ! ባለቤቴ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ ጠርዙን ይዞ ያሽከረክር ነበር። እስክንወጣ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሽንቱ ውስጥ ደም ማየቱን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ጥያቄዎቹን አብራችሁ ጻፉ። የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨውና በደም ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን) መጠኑ ስንት ነው? የካንሰሩን ጠንካራነት የሚያሳየው፣ ከ6 እስከ 10 የሚቆጠረው የግሊሰን ውጤትስ? ካንሰሩ ከፕሮስቴት ዕጢው ወጥቷል ወይስ እዚያው ነው? እያንዳንዱ ሕክምና በሽንትና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ላይ ምን ያስከትላል? የትኛውን እሱ ራሱ መጠየቅ እንደሚፈልግ፣ ከሐኪሙም ጋር ጥቂት ደቂቃ ለብቻው መሆን ይሻ እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። እርስዎ እስክሪብቶና ማስታወሻ ይዘው ይቀመጡ፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የተነገረውን አብዛኛውን አይሰማም።

“ቶሎ ይውጣልህ” ብሎ መጎትጎት

ካንሰሩ ከዕጢው ካልወጣና ዝቅተኛ አደጋ ያለው ከሆነ ሐኪሙ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ ጨረር በየጊዜው በፒኤስኤ፣ በኤምአርአይና በናሙና መከታተልን ሊመክር ይችላል። ይህ ቸል ማለት አይደለም። በብሪታኒያ የተካሄደው ፕሮቴክት የተባለ ጥናት 1,643 ወንዶችን ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር ደልድሎ ለ15 ዓመታት ያህል ተከታትሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት በዚህ በሽታ የሞቱት ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በሦስቱም ቡድኖች ቁጥሩ ተቀራራቢ ነበር። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመዛመቱ ዕድል ግን በክትትሉ ቡድን ከፍ ያለ ነበር፤ ስለዚህ አንድም ቀጠሮ እንዳያልፈው ያግዙት። በሽታው ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለማንኛውም የሚኖርበት ገላ የእሱ ነውና ምርጫው የእሱ ይሁን።

መድኃኒቱ ያመጣውን ጠባይ ከፍቅር መቀዝቀዝ መቁጠር

በዚህ ላይ ብዙ ወራት ራሴን ጎድቻለሁ። የፕሮስቴት ካንሰር የሚፋፋው በወንዴው ሆርሞን በቴስቶስትሮን ነው። ቻርለስ ሃጊንስ እና ክላረንስ ሆጅስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1941 ይህን ካሳዩ ወዲህ ሆርሞኑን ማዳከም ከዋና ዋናዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል፤ ሃጊንስም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ይሁን እንጂ ሆርሞኑ ሲወርድ የወሲብ ፍላጎትም አብሮ ይወርዳል። ድካም ይበረታል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስሜትም ይለዋወጣል።

ባለቤቴ ከጨረሩ ጋር ሆርሞኑን የሚያወርደውን መርፌ ሲወስድ እኩለ ሌሊት ላይ አንሶላውን ገፍትሮ ይነሣና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቆ አያለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከማረጥ ጋር የሚመጣውን ሙቀት የምታውቅ ሴት ይህን ሳይነገራት ትረዳዋለች። እኔ ግን ከእኔ የሚሸሽ መስሎኝ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ። በኋላ ለየራሳችን ስስ ብርድ ልብስ አደረግን፤ ደረቅ ሸሚዝም ራስጌው አስቀምጥ ጀመር። ሐኪሙ ከፈቀደ የእግር ጉዞና ክብደት ማንሣት ለድካሙም ለጡንቻውም ይበጃሉ። ሐዘኑ ከከበደና ከሳምንታት በላይ ከቆየ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

ስለ አልጋ ጉዳይ ዝም ማለት

እንዳላሳፍረው ብዬ እጁን መያዝ እንኳ ተውኩ፤ እሱ ደግሞ የተጸየፍኩት መሰለው። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስናዝን ዓመት አለፈ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የብልት መቆም ለመመለስ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። የዘር ፈሳሽ አይኖርም፤ እርካታ ግን ሊኖር ይችላል። ካንሰሩ በግንኙነት አይተላለፍም። ክኒን፣ መርፌና የአየር መሳቢያ መሣሪያ አሉ። ነገር ግን ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለዚህ የሚሰጡትን እንደ ሲልደናፊል ያሉ ክኒኖች ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ይጥሉታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን “ናፍቀኸኛል” ማለት ይቻላል።

ሽንት ሲያመልጠው ማዘንን ፊት ላይ ማሳየት

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት እንዲወርድበት ለጊዜው የሚገባው ቱቦ ከወጣ በኋላ ሽንት ማምለጡ የተለመደ ነው፤ በአብዛኞቹም በወራት ውስጥ ይሻላል። ሽንት የሚያግደውን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ያበርታቱት፤ ቱቦው ገና ሳይወጣ ግን አይሥራው። መምጠጫውን ንጣፍ እሱ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ያኑሩና ስለዚያ ብዙ አያውሩ።

ቪታሚን መደርደር

ሴሌክት የተባለው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳየው ጤነኛ ወንዶች በየቀኑ 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ ሲወስዱ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ጨምሯል። ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም አይስጡት።

አደገኛ ምልክትን ለቀጠሮ ቀን ማቆየት

በሽታው ወደ አጥንት የተዛመተበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከያዘው፣ እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ከተዘጋበት ወይም ካመለጠው፣ ነቀርሳው ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ከዘገየ መራመድ ሊያቆም ይችላል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሲደርስም እንዲሁ ነው።

ከወንድሞቹና ከልጆቹ መደበቅ

አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። እንዲነግራቸው ይምከሩት እንጂ ቀድመውት አይንገሩ።

የፒኤስኤ ውጤት ሲደርስ መንጠቅ

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁጥሩ የማይታይ ያህል እንዲወርድ ይጠበቃል። ከጨረር በኋላ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መሐል ላይ ለጊዜው ከፍ ሊልም ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ፊቱ ላይ ተንቀጥቅጫለሁ። አሁን ፖስታውን የሚከፍተው እሱ ነው። አንብቦ እስኪያጥፈው ድረስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ያቀብለኛል።