ጄኔሬተሩ ላይ ቤንዚን መፍሰሱ እንዴት ቆመ

ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ጥቂቱ ጄኔሬተሩ ላይ ይደፋ ነበር። በእጄ መንቀጥቀጥ ሳላክክ ከረምኩ፤ ለካስ ችግሩ የጀሪካኑ አያያዝ ነው። አፉን ከታች በኩል አድርጌ ሳዘነብለው አየር መግቢያ ስለሚያጣ እየተንደቀደቀ ይተፋል። አሁን አዙሬ፣ አፉ ከላይኛው ጠርዝ በኩል እንዲሆን አድርጌ ቀስ ብዬ አዘነብለዋለሁ። ቤንዚኑ ከስር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አየሩም ከላዩ ይገባል። መጀመሪያ በውሃ ብትሞክሩት ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እንዲህም ሆኖ አንዳንዴ ገንፍሎ ይወጣ ነበር። በታንከሩ አፍ ያለችውን ወንፊት ሳወጣት ግማሿ በቆሻሻ ተደፍኗል፤ ቤንዚኑ ታዲያ በየት ይውረድ? አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ መለስኳት።

እስከ አፉ መሙላትም ትቻለሁ። ቤንዚን ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር ከወንፊቷ በታች ባዶ ቦታ እተዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ መታገሥ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ፣ በተለይ ጭስ ማውጫው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ በጨለማ መቀመጥ ያበሳጫል። የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ግን እሳት ነው። ብርሃን ካስፈለገኝ የእጅ ባትሪ አለ፤ ሻማ አላስጠጋም። ያመለጠች ጠብታ ካለች በጨርቅ ጠርጌ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቄ አስነሳለሁ።