ከሕፃናት ማሳደጊያ የወጡ ወጣቶችን ስናገለግል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጽዋ ማኅበራችን በኩል ማሳደጊያ ያደጉ ወጣቶችን ማገዝ ከጀመርን ጥቂት ዓመታት ሆነን። ከታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉንም ሠርተናቸዋል። እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

18 ዓመት ሲሞላ አገልግሎቱን ማቆም

በሕግ 18 የሞላው ሰው ራሱን ችሏል ይባላል። ማሳደጊያውም የሚሸኘው በዚያው ገደማ ነው። ግን የእኛ አገር ገበሬ ልጁ ጎጆ ሲወጣ እንዴት ነው የሚሸኘው? እንደ አቅሙ በሬም ጥጃም ይሰጠዋል። ሲከፋው ደግሞ የሚመለስበት የአባቱ ደጅ አለ። ከማሳደጊያ የወጣው ልጅ ፍራሽና ትንሽ ብር ይዞ ይወጣል፤ የሚመለስበት ደጅ ግን የለውም። እርዳታችን መጠንከር ያለበት ያኔ ነው።

በዓልን መርሳት

በዓል ሲደርስ በግ ይዘን ወደ ማሳደጊያው እንሄዳለን። ከዚያ የወጣውን ግን ማንም አያስታውሰውም። አንዱን ልጅ ከፋሲካ ማግስት አግኝቼ "እንዴት ዋልክ?" አልኩት። "ከቅዳሴ ስንወጣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ቅዳሜ የገዛሁትን ዳቦ በሻይ በላሁና ተኛሁ" አለኝ። 55 ቀን ሙሉ ጾሞ ነው እንግዲህ። ቤቴ ከእሱ ክፍል የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋሚ ቤት አለው። የበዓሉን ቀን ብቻ መጥራት ግን እንግዳ ያደርገዋል። ዋዜማውን ጥሩት፤ ሽንኩርት ይላጥ፣ ዶሮ ይግፈፍ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ይጨቃጨቅ።

ብር ሰጥቶ ተያዥ መከልከል

በጣም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። አንዲት ልጅ ሒሳብ አያያዝ እንድትማር ከፈልንላት፤ ተመረቀች። የገንዘብ ያዥነት ሥራ ፈተና አለፈች። "ተያዥ አምጪ" ተባለች። ማኅበራችን ውስጥ ደመወዝተኛው ብዙ ነው። ጉዳዩ ሲነሣ ግን ሁሉም አቀርቅሮ ዝም አለ። እኔም "ብታጎድልስ?" ብዬ ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ዘመድ ያለው ሰው ተያዥ ሲጠየቅ አጎቱ ጋ ይሄዳል። ለእሷ ያለነው እኛ ነን። ፍርሃቱ ይገባኛል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በጽሑፍ ይታይ። ቢመጣ ዕዳውን ለብቻው የሚሸከም ሰው እንዳይኖር ማኅበሩ ቀድሞ ይወስን። ያን ካደረግን ወዲህ ለሦስት ልጆች ፈርመናል።

መድረክ ላይ አቁሞ ታሪኩን ማስነገር

ገቢ ማሰባሰቢያ ሲኖር አንዱን ልጅ አውጥተን "እናትህን እንዴት አጣሃት?" እንላለን። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ብር ይወጣል። ልጁ በማግስቱ በዚያው ሰፈር ነው የሚያልፈው። ሁሉም አይቶ ከንፈሩን ይመጥለታል።

ጎጃም የሌላ ሰው ልጅ ተቀብሎ ማብላት አዲሱ አይደለም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ሊማር የመጣ የቆሎ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል ቁራሹ አኩፋዳው ውስጥ ይገባል። ታሪክህን ካልነገርከኝ አልሰጥህም የሚል የለም።

"የማሳደጊያ ልጅ" የሚለውን መጠሪያም ተዉት። የ24 ዓመት ሰው ነው፤ ስም አለው።

"እግዚአብሔር አባትህ ነው" ብሎ ማለፍ

እውነት ነው፣ አባቱ ነው። ግን የከፋውን ልጅ ዝም ለማሰኘት ስንጠቀምበት ጥቅሱ በር መዝጊያ ይሆናል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (1፥27) ወላጅ የሌላቸውን በመከራቸው "መጠየቅ" ነው ያለው። እኛ አገር የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል። ቤቱ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቡና እስኪፈላ አብሮ መቆየት ማለት ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችን መናቅ

ለመቶ ሰው በሚበሰልበት ቤት ያደገ ልጅ አንድ ኪሎ ሽሮ ለስንት ቀን እንደሚበቃ አያውቅም። ገበያ ይዛችሁት ውጡ። የቤት ኪራይ ሲዋዋል አብራችሁት ሁኑ። ዕድርም አስገቡት።

ሽማግሌ ሊሆኑ ሲሄዱ ልጁን አለማወቅ

እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የማን ልጅ ነህ?" ነው። ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። አንዱ ልጃችን ሽማግሌ እንድንሆንለት ለመነን፤ ደስ ብሎን ሦስት ሆነን ሄድን። የልጅቱ አባት በአክብሮት ተቀበሉን። ከዚያ ስለ ጠባዩ ጠየቁን። ሲናደድ ምን እንደሚሆን፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ ታሞ ያውቅ እንደሆነ። አምስት ዓመት የቤት ኪራይ ከፍለንለታል። አንዱንም መመለስ አቅቶን ሌላ ቀጠሮ ለምነን ወጣን።