አጥንት ሰባሪውን አሞራ በሰሜን ተራሮች ለማየት

አጥንት ሰባሪው ጢማሙ አሞራ በሰሜን ተራሮች ብርቅ አይደለም፤ አይተውት ሳይለዩት የሚመለሱ ግን ብዙ ናቸው። ብርቱካንማ ደረቱን ሲፈልጉ ያመልጣቸዋል። በፀሐይ ትይዩ ሲያልፍ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ወጣቱ ደግሞ ራሱም አንገቱም ጠቆር ያለ ነው፤ የጎልማሳውን መልክ ለመያዝ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ብርቱካንማውም ቢሆን ብረት ካለበት ጭቃ የሚቀባው ነው።

ስለዚህ ጅራቱን እዩ፦ ረጅም፣ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ የሾለ። የሌሎቹ ትልልቅ ጥንብ አንሳዎች አጭር ነው። ቁራና ትንሹ ነጭ ጥንብ አንሳም ጅራታቸው ስለሚሾል ያሳስታሉ፤ እዚህ መጠን ይለያችኋል። የጢማሙ ክንፍ ሲዘረጋ ከ2.3 እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል፣ የነጩ 1.8 እንኳ አይሞላም።

ከደባርቅ ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ይዛችሁ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ካምፕ ውጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ በክረምት ጉም ገደሉን ይውጠዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከገደሉ አፋፍ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ገደሉን ታክኮ በሚወጣው ነፋስ ስለሚንሳፈፍ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በታች ያልፋል፤ ሰማይ ሰማይ ማየት አንገት ማሳመም ብቻ ነው። 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይናኩላር ይበቃል። ከዚያ የበለጠው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያናውጠዋል።

ጥንብ ላይ አትጠብቁት። ሌሎቹ ሥጋውን ሲሻሙ እሱ ዳር ቆሞ ይቆያል፤ ድርሻው አጥንትና መቅኔ ነው። የበግ ግልገል የጭን አጥንት የሚያህለውን እንዳለ ይውጣል፣ ኃይለኛው የሆድ አሲድ በአንድ ቀን ገደማ ይፈጨዋል። ከዚያ የሚተልቀውን በእግሩ ይዞ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣና ወደ ታች እየተወረወረ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። አንዱ አጥንት ደጋግሞ ሊጣል ይችላል፤ መጀመሪያ ካልተሰበረ ተስፋ አትቁረጡ። የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበት ሰፊ ገላጣ ድንጋይ ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ ተመላልሶ የሚጠቀምበት ነው።

ጎጆው በገደል ዋሻ ነው፣ አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል። እንቁላሉን ለሁለት ወር ግድም ይታቀፋል፤ በደጋው ብርድ ወላጁ ደንግጦ ከተነሳ እንቁላሉ ይበርዳል። ቢያንስ 500 ሜትር ራቁ፣ ድሮን አታስነሱ፣ ድንጋይም ወደ ገደሉ አትወርውሩ። ከበላያችሁ ደጋግሞ ቢዞር ለፎቶ አመቸ ብላችሁ አትቆዩ፤ ቀርባችኋል ማለት ነውና ተነሡ።