ቀለም የነካውን ጫማ ከቀለሙ በላይ የሚያበላሹት ስህተቶች

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ቤት ይቀባል። ግድግዳው ያምራል፣ በሩ ያብረቀርቃል፣ ጫማው ደግሞ ጠብታ በጠብታ ይሆናል። የሚነካውም ቀቢውን ብቻ አይደለም። "ትንሽ ልያዝልህ" ብሎ መሰላል የያዘው ጎረቤት፣ ገና ያልደረቀ በር አጠገብ የቆመው እንግዳ፣ አጥር ሲቀባ በዚያ በኩል ያለፈው ሰው ሁሉ ጫማው ላይ የሆነ ነገር ይዞ ቤቱ ይገባል። ቀለም የነካው ጫማ ብዙ ጊዜ ይድናል። የማይድነው በችኮላ ያገኘነውን ሁሉ ያፈሰስንበት ነው። ዓይናችን ቀለሙ ላይ ይተከልና ጫማው ከምን እንደተሠራ እንረሳለን። ቀለም የሚያሟሟ ነገር እኮ ከሱቅ አይጠፋም። ቀለሙን አሟሙቶ ቆዳውን፣ ማስቲሹንና ሶሉን የማይነካውን መምረጥ ነው ሥራው።

ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ሳያውቁ መጀመር

ሌሎቹ ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ ነው የሚመጡት። የቤት ውስጥ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባው ፕላስቲክ ቀለም ነው። እሱ በውሃ ይቀጥናል፣ እርጥብ እያለ ደግሞ በውሃና በሳሙና ይለቃል። የብረት በር፣ መስኮትና አጥር የሚቀባው ዘይት ቀለም ግን በቲነር ነው የሚቀጥነው፤ ውሃ ብታፈሱበት ብታፈሱበት ንቅንቅ አይልም። ኖራና ስቱኮ ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንዴት ይታወቃል? ጣሳው ካለ በምን እንደሚቀጠን ላዩ ላይ ተጽፏል። ጣሳው ከሌለ ቀቢውን "ብሩሽህን በምን ነው የምታጥበው?" ብላችሁ ጠይቁት። በውሃ ካለ ፕላስቲክ ነው፣ በቲነር ካለ ዘይት ነው፣ አለቀ። ቀቢውም ሄዷል እንበል። ያኔ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ጥጥ ላይ አድርጉና ሶሉ ላይ የደረቀ ጠብታ ካለ እዚያ ላይ ትንሽ ይዛችሁ እሹት። ከለሰለሰና ጥጡን ካቀለመው ፕላስቲክ ቀለም ነው። ምንም ካልሆነ ዘይት ቀለም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እርጥቡን ቀለም ማሸት

ጠብታው እንዳረፈ እጃችን በደመ ነፍስ ይሄዳል። በጨርቅ እንጠርገዋለን፣ የአውራ ጣት የምታህለው ነጥብ የጫማውን ግማሽ ትይዛለች። መረብ በሆኑት ስኒከሮች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ስናሸው ቀለሙን በቀዳዳው አስገብተን ውስጡ ያለው ስፖንጅ ላይ እናሳርፈዋለን፣ እዚያ ከገባ በኋላ ማውጣቱ በጣም ከባድ ነው። መጀመሪያ በማንኪያ ጠርዝ ወይም ቀኑ ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ከውጭ ወደ መሃል ሰብስባችሁ አንሱት። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ጫን፣ አንሳ፣ የጨርቁን ሌላ ቦታ ጫን፣ አንሳ። ማሸት የለም።

ሸራ ጫማ ከሆነና ቀለሙ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ማሰሪያውንና ውስጥ ሶሉን አውጡና ቀዝቃዛ ውሃ ከውስጥ በኩል ወደ ውጭ እንዲያልፍ አድርጉ። ከውጭ ካፈሰሳችሁበት ቀለሙን ወደ ክሩ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ከዚያ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ። በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፤ ሙቀት መድረቁን ያፋጥነዋል።

"ነገ አጥበዋለሁ" የሚለው ነገርም እዚሁ ይገባል። ፕላስቲክ ቀለም ላዩ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሊደርቅ ይችላል። ሲደርቅ ውሃው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ውሃው ውስጥ ተበታትነው የነበሩት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፣ ያ ሽፋን ደግሞ በውሃ ተመልሶ አይፈታም። ዘይት ቀለምም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለሚጠነክር በቆየ ቁጥር ቲነሩም ራሱ እየቸገረው ይሄዳል።

ሁሉንም ነገር በቲነር

ቲነር ኃይለኛ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው የሚወደው። ግን ቲነር ቀለሙን ከጫማው ለይቶ አያውቅም። ጫማው ላይ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። የጫማውን ላይኛ ክፍል ከሶሉ ጋር የያዘው ማስቲሽ በቲነር ይለሰልሳል፤ ዛሬ ቀለሙ ለቀቀ ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ሶሉ ከፊት በኩል አፉን ይከፍታል። የስኒከር ሶል ውስጥ ያለው ቀለል ያለ ፎም ይቀልጣል ወይም ይሸበሸባል። ከሁሉም የሚጎዳው ግን ሰው ሠራሽ ሌዘር ነው። እሱ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ስለሆነ አንድ ጊዜ ቲነር ሲነካው ይጣበቃል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ እየተላጠ ይሄዳል። የሚያብረቀርቀው የበዓል ጫማም ያው ነው፣ ብልጭታው ራሱ ነው የሚሟሟው።

እውነተኛ ቆዳም ቢሆን አይችለውም። በቆዳው ላይ ቀለሙንና ወዙን የያዘ ስስ ሽፋን አለ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ያንን ሽፋን ይገፈዋል። ጫማ በአዲስ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች እኮ አሮጌውን ሽፋን ለማንሳት ሆን ብለው አሴቶን ነው የሚጠቀሙት። እናንተ አንድ ነጭ ነጥብ ለማንሳት ብላችሁ ካሻችሁት፣ ነጩ ይሄድና በምትኩ የነጣ ቆዳ ይተርፋችኋል።

ታዲያ ዘይት ቀለም ቆዳ ጫማ ላይ ሲያርፍ ምን ይደረግ? ቫዝሊን። ጠብታው ላይ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና ለተወሰነ ሰዓት ተዉት። የቀለሙ ጠርዝ ሲለሰልስ በማንኪያ ወይም በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ታነሱታላችሁ። አንዴ ካልወጣ ድገሙት። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ቆዳውን አይጎዳውም። ይሄ ላዩ ልሙጥ ለሆነ ቆዳ ብቻ ነው፤ ካሞሽና ሸራ ላይ ቫዝሊን ራሱ ሌላ እድፍ ይሆናል።

ቲነር የሚፈቀድበት ቦታም አለ። ጠንካራ የጎማ ሶል ጠርዝ ላይ ያረፈ ዘይት ቀለም በጆሮ ጥጥ ጫፍ ትንሽ ቲነር ተደርጎ፣ ማስቲሹ ካለበት መስመር ተርቆ፣ ፈጥኖ ተጠርጎ ወዲያው በሳሙና ውሃ ቢታጠብ ችግር የለውም። መጀመሪያ ግን ከተረከዙ በኩል በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

ስለ ቤንዚንና ነጭ ጋዝም አንድ ነገር። ጫማውን ከማበላሸታቸው በላይ የሚያሳስበኝ የምንጠቀምበት ቦታ ነው። ቲነርም ሆነ ቤንዚን እንፋሎታቸው ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቡና እየተፈላ እዚያው ክፍል ውስጥ ጫማ በቤንዚን መጥረግ ጨርሶ አይደረግም። ውጭ ውጡ፣ ሕፃናትን አርቁ፣ የነካካችሁበትን ጨርቅ ቤት ውስጥ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ።

በረኪና

ነጭ ሸራ ጫማ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲያርፍ ብዙ ሰው በረኪና ያነሳል። በረኪና የጨርቅ ማቅለሚያን ያነጣል እንጂ የደረቀ የቀለም ሽፋንን አያሟሟም። ስለዚህ ሰማያዊው ባለበት ይቀመጣል፣ በዙሪያው ያለው ክር ይሳሳል፣ ነጩ ጎማም ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ይሄዳል። "በረኪናው አልሠራ አለ" ተብሎ ደግሞ አቼቶ ይጨመርበታል። ይሄንን በምንም ዓይነት አታድርጉ። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባን ይጎዳል። ከአልኮልም ጋር አትደባልቁት።

ሸራ ላይ ለደረቀ ፕላስቲክ ቀለም የሚሠራው የፋርማሲው አልኮል ነው። መጀመሪያ የተጋገረውን በካርድ ፈቅፍቃችሁ አራግፉ፣ ቀጥሎ አልኮል የነካው ጥጥ ላዩ ላይ አስቀምጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲለሰልስ በጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ ሳሙና። ባለቀለም ሸራ ከሆነ አልኮሉ የጨርቁንም ቀለም ሊወስድ ስለሚችል የጫማው ምላስ ሥር ባለው ቦታ ቀድማችሁ ሞክሩ።

ካሞሽን እንደ ሌላው ጫማ ማጠብ

ካሞሽ የተለየ ነው። የሌላው ጫማ ደንብ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል ማለት ይቻላል። ሌላውን እርጥብ እያለ ድረሱበት እላለሁ፤ ካሞሽን ግን ላዩ ላይ ያለውን በካርድ ካነሳችሁ በኋላ ተዉት፣ ይድረቅ። ውሃ ካፈሰሳችሁበት ቀለሙ በፀጉሩ መሃል ይሰራጫል፣ ሲደርቅም ያ ለስላሳ ፀጉር ተጋድሞ ይጠነክርና የውሃ ክብ ምልክት ይቀርበታል።

በደንብ ሲደርቅ ቀለሙን በጥፍር ሰባብሩት፣ ጠንከር ባለ ደረቅ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ቦርሹት። የተረፈውን በንጹሕ ነጭ ላጲስ እሹት፣ የሚገርም ያህል ያነሳል። አሁንም የቀረ ካለ አቼቶ ወይም አልኮል በጥቂቱ የነካው ጨርቅ ብቻ፣ ያውም እየተጫነ እንጂ እየታሸ አይደለም። ሲደርቅ ፀጉሩን ድጋሚ በብሩሽ አንሱት።

ሊስትሮ ጋ ስትሰጡትም "ካሞሽ ነው፣ አረፋ እንዳታስነካው፣ የነካው ፕላስቲክ ቀለም ነው" ብላችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ሊስትሮዎች ጫማን ከኛ በላይ ያውቃሉ። ግን ምን እንደነካው ካልነገርናቸው በየት ያውቁታል? ዝም ብለን አስቀምጠን ሄደን ተመልሰን መቆጣት ደግ አይደለም።

ምላጭ፣ የድስት ሽቦ፣ ብርጭቆ ወረቀት

አታስቡት። ምላጭ አንዴ ስታዳልጥ ቆዳው ይቆረጣል፣ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ወዙን ይፍቁታል። የጎማ ሶል ላይ እንኳ የሚጫርበት መስመር ከዚያ በኋላ ቆሻሻ እየያዘ ያስቸግራል። ለጎማ የጥርስ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ኖራን በውሃ ማርጠብ

ኖራ ቀላል ይመስላል፣ ነጭ ዱቄት፣ በውሃ የሚለቅ። ቆዳ ጫማ ላይ ግን ከቀለም ይልቅ እሱ ነው የሚያሳስበው። በቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉሩን ከቆዳው ለማስለቀቅ የሚጠቀሙት ኖራ እንደሆነ ካሰባችሁ ጉልበቱ ይገባችኋል። የደረቀውን ኖራ ስታረጥቡት መልሳችሁ ቆዳው ውስጥ እያሰረጋችሁት ነው፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

ደረቁን በብሩሽ አራግፉ፣ ያውም ውጭ፣ አቧራው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ቀጥሎ አቼቶ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ጨርቅ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ጥረጉበት። ትንሽ አረፋ ካያችሁ አቼቶው ኖራውን እየፈታው ነው። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ድገሙት፣ በጥላ አድርቁት፣ የጫማ ቅባት ቀቡት። ቅባቱን አትዝለሉ፣ ቆዳው ወዙን አጥቷል። ስቱኮም ቢሆን ደርቆ ሲራገፍ ነው የሚሻለው፤ እርጥቡን ከጠረጋችሁት ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት

ይሄ ልማድ በጣም የጠለቀ ነው። ጫማ ታጠበ ማለት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ቆዳው እንደ ቋንጣ ይደርቃል፣ ማስቲሹ ይላላል፣ ነጩ ሸራ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሳይለቅ የቀረ ቀለም ካለበትም ሙቀቱ አጥብቆ ያስይዘዋል። ውስጡን ነጭ ሶፍት ሞልታችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አስቀምጡት። ጋዜጣ ለጥቁር ጫማ ይሆናል፣ ነጭ ጫማ ላይ ግን የጋዜጣው ቀለም ሊነካው ይችላል፣ ያኔ ሁለተኛ ሥራ ነው።

በኪዊ መሸፈን

ጥቁር ጫማ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፣ ኪዊ ከላይ ይለቀለቅና ለጠዋቱ ይሸፈናል። እስከ ማታ ድረስ ሰሙ ከነጥቡ ላይ ይነሳል፣ ምክንያቱም የቀለም ሽፋን እንደ ቆዳ አይጠጣውም። የከፋው ደግሞ ሰሙ በነጥቡ ዙሪያ ስለሚደራረብ በኋላ በቫዝሊን ልናነሳው ስንሞክር መጀመሪያ ሰሙን ማስለቀቅ ይኖርብናል። መጀመሪያ ቀለሙን አንሱ፣ ከዚያ ኪዊውን ቀቡ።

የት ማቆም እንዳለብን አለማወቅ

ጨርቃችሁን እያያችሁ ሥሩ። ነጭ ቀለም እያስለቀቃችሁ ጨርቁ ላይ ቡናማ መውጣት ከጀመረ፣ የሚለቀው የጫማው ነው፤ እዚያው አቁሙ። ጫማው ይደር፣ ይድረቅ፣ ትንሽ ቅባት ይቀባ። የቀረው ነጥብ ትንሽ ከሆነ በማግሥቱ በለዘብተኛው ዘዴ እንደገና ሞክሩት። ቆዳው ከነጣ ግን የጫማ ክሬም አያድነውም፤ ቆዳ መልሶ የሚያቀልም ጫማ ሠሪ ጋ ውሰዱት፣ ስትሰጡትም እስካሁን ምን ምን እንዳደረጋችሁበት ሳትደብቁ ንገሩት፣ ቫዝሊን ወይም ሰም የነካው ቆዳ በደንብ ካልጸዳ አዲሱን ቀለም አይዝምና።