ከአደጋ በኋላ መንግሥትን ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዳማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ሰው ቤት ይገባል። ከወጣት ጋዜጠኞችና ከሰፈር ኮሚቴዎች ጋር ስሠራ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

አንደኛው በጣም ያንገበግበኛል። አደጋውን የእርዳታ ርክክብ ዜና ማድረግ። ጎርፍ ይገባል፣ ግድግዳ ይፈርሳል። በማግስቱ ባነር ይሰቀላል፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይደረደራል፣ ኃላፊው ካሜራ ፊት ቆሞ ዱቄት ያስረክባል። ከዚያ ማይኩ እግራቸው ላይ ጭቃው ያልደረቀ እናት ጋ ይሄዳል። «ምን ተሰማዎት?» ይሏቸዋል። ምን ይበሉ? ያመሰግናሉ። ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። እኚሁ እናት «ቦዩ መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ወሩን ሳይቀር ይነግሯችኋል። ማን መጥቶ ለክቶ እንደሄደ፣ ማን «በቅርብ እንሠራዋለን» እንዳለም ያውቃሉ። ኃላፊውንም ስለ ዱቄቱ ሳይሆን ስለ ቦዩ ጠይቁት። እርዳታው ይዘገብ፣ ክፋት የለውም። ግን እባካችሁ፣ የተጎጂ ምስጋና የመንግሥት መልስ ተደርጎ አይቅረብ። ብርድ ልብሱን ማቅረብ ግዴታ ነው፣ ውለታ አይደለም።

«የተፈጥሮ አደጋ ነው» ሲባል ደብተር የሚዘጉም አሉ። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፤ የተደፈነው ቱቦ ግን አይደለም። የአዲስ አበባውን ቆሼ አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መጣል ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ ተመልሶ ቆሼ ላይ ተከመረ። ይሄ የሰው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤና ፊርማ ይኖረዋል፤ እሱን ፈልጉ።

በስልክና በቃል ብቻ አትጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። የመልስ ጊዜው 30 ቀን ነው። ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ታመለክታላችሁ። «ጎርፉ ለምን መጣ?» ብላችሁ አትጻፉ፤ የቦዩን ግንባታ ውልና የርክክብ ሰነድ ጠይቁ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። አዳማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ጻፉት። የቢሮዎቹ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ «ተተርጉሞ ይምጣ» የሚል ምክንያት አይኖርም።

ያልተጣራ የሟች ቁጥር ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። አንዷ ስህተት ከተገኘችባችሁ ስለ ቱቦው የጻፋችሁት እውነት ሁሉ «የሐሰት ወሬ» ይባላል።

አስከሬንና የሚያለቅሱ ሕፃናትን ፊት አታሳዩ። በቃ።

የቀረው ደግሞ መንገዱ ሲደርቅ ጉዳዩን መተው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጎርፉም በዚያው ሰሞን ይመጣል። ነሐሴ ላይ «በጀት አልተያዘለትም» ከተባላችሁ ረፍዷል። በጀቱ ሳይጸድቅ፣ ከክረምቱ በፊት የነዋሪውን ፊርማ ይዛችሁ የከተማውን ምክር ቤት ጠይቁ። በበጋም ቦዩ ጋ ሄዳችሁ ፌስታሉንና ደለሉን ፎቶ አንሱ፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። ክረምት ላይ «ሳይታሰብ የመጣ ነው» ሲሏችሁ የምታወጡት ማስረጃ እሱ ነው።